አባታችን ሆይ እስኪያልቅ

ሰይድ ሲደውልልኝ ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሞተሩ እንደበራ ነው፤ እኔም «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚለው ላይ ደርሻለሁ። ስልኩን ዘጋሁበት። ደገመ። አሁንም ዘጋሁበት። ሰይድ እንደኔው ሹፌር ነውና ለምን እንደማላነሳ ገባው፤ ሦስተኛውን ቆየት ብሎ ደወለ። ጸሎቴን ጨርሼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ አነሳሁ።

«ይበልጣል፣» አለኝ፣ «አያ ፈንታ አረፉ።»

«የትኛው አያ ፈንታ?» አልኩት። የሞኝ ጥያቄ! ቆሰበር ውስጥ ፈንታ የሚባል ሰው መዓት ነው፤ ለሹፌር ግን አያ ፈንታ አንድ ናቸው።

«የእኛው ናቸዋ፣» አለ።

መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከኋላዬ የቆመ ባጃጅ መንገድ ልቀቅ ብሎ ጡሩንባውን ያንጫርረዋል። ያንጫርረው! ሞተር ከማጥፋቴ በፊት አባታችን ሆይ እንድደግም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። የሞታቸውን ወሬ እንኳ ያንኑ ጸሎት ሳልጨርስ አልሰማሁም። ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፦ «እሰይ፣ አንድ ሰው እንኳ አስተምሬያለሁ።»

አያ ፈንታ መካኒክ ነበሩ። ከተማችንን ወረቀት ላይ እንጅባራ ይሏታል፤ እኛ ስንጠራት ቆሰበር ናት። ጋራዣቸው በላይኛው የከተማዋ ጫፍ ነው፤ ሰሌዳ የለው፣ ስም የለው፣ አንድ የቆርቆሮ በር ብቻ። አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ። የአገራችን ብርድ ምሕረት ስለማያውቅ በሰማያዊ ቱታቸው ላይ ጋቢ አደግድገው ነው የሚሠሩት። ጋቢው አንድ ጊዜ ነጭ ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም።

ዘይት ሲመረምሩ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ነክረው ከአውራ ጣታቸው ጋር ያሻሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል ያደርጉና በአገውኛ ያነጋግሩታል። ለሰው አማርኛ፣ ለሞተር አገውኛ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አማርኛማ ውሸት ለምዶበታል፣» አሉኝ። «ሹፌር ሁሉ የሚዋሸኝ በአማርኛ ነው።»

እኔም ዋሽቻቸዋለሁ። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዬ ልናገር፤ ከእሳቸው ጋር ያገናኘችኝ እሷ ናት። ባለ ቱርቦ ደብል ጋቢና ፒካፕ ናት። አባቴ እንደ አካባቢያችን ገበሬ ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ዛፍ ተክሎ ነበር። አምስት ዓመት ያሳደገውን ዛፍ አስቆርጦ እሷን ገዛልኝ። አንዲት ጥግ ብቻ ሳትቆረጥ ቀረች፤ እሷን ለእርጅናው ነው የያዛት። ቁልፉን ሲሰጠኝ ያለኝን አልረሳም፦ «ልጄ፣ ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል። መኪና አይበቅልም። ጠብቃት።»

መኪናዋ ከእኔ በፊት የነበራት ባለቤት ሩጫ ወዳድ ነበር አሉ። ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሮጣ ነው እኔ እጅ የገባችው። ታዲያ ምን ይሁን! ነዳጁን ስረግጠው ቱርቦዋ ይነሳና ወንበር ውስጥ ታሰምጠኛለች። ከአዘና ወደ ቆሰበር ስመጣ የማልቀድመው መኪና አልነበረም። ድንችም ሙሽራም ጫንኩባት፤ ዓለም የእኔ መሰለችኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ማጨስ ጀመረች። ሰማያዊ ጭስ። ዘይት እጨምራለሁ፣ ትጨርሳለች፤ እጨምራለሁ፣ ትጨርሳለች። መናኸሪያ ውስጥ ደግሞ የመኪና ሐኪም ሞልቷል። አንዱ መጥቶ «ፋሻዋ አልቋል» ይላል፤ ፋሻ የሚሉት በፒስቶኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ነው። ሌላው «ቱርቦዋ ሞቷል» ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት የሚለው ነው። ሞተር ከተከፈተ ደግሞ የአባቴ የቀረችው ጥግ መቆረጧ ነው። አባቴ አመሻሽ ላይ ወደዚያች ጥግ እየሄደ ዛፎቹን ሲያይ አየው ነበር። እኔን አፈር ያድርገኝ እል ነበር በልቤ። ይህ ሰው በእርጅናው የሚደገፍባትን ዛፍ እኔ በሰማያዊ ጭስ ላነዳት ነው!

በዚህ ጭንቀት ነው አያ ፈንታ በር ላይ የደረስኩት። ከአዘና እየበረርኩ መጥቼ፣ በሩ ላይ ቆምኩና ቁልፉን ወዲያው አዞርኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ። አያ ፈንታ ከውስጥ ራሳቸውን ይዘው ወጡ።

«አብራት!»

«ምን አደረግኩ አያ?»

«አብራት እልሃለሁ! ከየት ነው የመጣህ?»

«ከአዘና።»

«እየሮጥክ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ!» አሉ፤ ቀረብ ብለው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉና መልሰው ሳቡት። «ከአዘና ድረስ በፈረስ ጋልበህ ብትመጣ፣ እንደደረስክ ታስረዋለህ ወይስ ታንሸራሽረዋለህ?»

የአዊ ልጅ ይህን ይስታል? «አንሸራሽረዋለሁ፣» አልኩ።

«ታዲያ ይቺ ምን በደለችህ?»

ሞተሩን አበራሁ። እሳቸው መስኮቴ ላይ ተደግፈው ቱርቦ ማለት ምን እንደሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈጣን ነገር መሆኑን እንጂ ሌላውን አላውቅም። በጭሱ ኃይል የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር ናት አሉኝ፤ የምትሽከረከረው እሳት ውስጥ ነው፣ የሚያድናት በመሀሏ የሚያልፈው ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩን ስታጠፋው ዘይቱ ይቆማል፤ እሷ ግን ገና ትሽከረከራለች፣ ገና ትነድዳለች። በውስጧ የቀረው ዘይት እዚያው ይታፈናል።

«አንተ የከሰል አገር ልጅ አይደለህ? ታፍኖ የነደደ ነገር ምን ይሆናል?»

«ከሰል፣» አልኩ።

«ቱርቦህ ውስጥ ከሰል እያከሰልክ ነዋ!»

ከዚያ ያንን ሕጋቸውን ነገሩኝ። ከማጥፋትህ በፊት አባታችን ሆይን ዝግ ብለህ ድገም፤ እመቤቴ ማርያም ሆይን አስከትል፤ አሜን ስትል አጥፋ። እኔ መንፈሳዊ ሰው ናቸው ብዬ አደነቅኩ። ኋላ ሰይድ ነው የሳቀብኝ። «ለእኔ ደግሞ ፋቲሃን አዘውኛል፣» አለኝ። «አጭር ናት ስላቸው ሦስት ጊዜ ቅራት አሉኝ።»

ይህ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉ። «ፊት ፊት መቶ ድረስ ቁጠሩ እላቸው ነበር። ሹፌር ሠላሳ ላይ ሲደርስ ሰው ይጠራዋል፣ አጥፍቶ ይሄዳል። አባታችን ሆይን ግን መሀሉ ላይ አቋርጦ የሚሄድ ክርስቲያን የለም። ይፈራል።»

የዚያን ቀን ግን ገና አልጨረሱኝም ነበር። ጸሎቴን ጨርሼ ካጠፋሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ዘይቷን የት አቁመህ ነው የምትለካው?»

«እዚያው ቤቴ፣ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት።»

«ቤትህ ሜዳ ነው?»

«ቁልቁለት ነው። አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ነው የማሳድራት፤ በብርዱ አልነሳ ስትል ለቅቄ በቁልቁለቱ እንዳስነሳት።»

አያ ፈንታ ጎማ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ። በምን ይሳቅብኛል? ይህን የቆሰበር ሹፌር ሁሉ ያደርገዋል! ጠዋት ባትሪ ደርቆ መኪና ሲያምጥ ማየት የሰለቸው ሰው ሁሉ ቁልቁለት ፈልጎ ነው የሚያቆመው።

«አዎ፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፣» አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ሁላችሁም ናችሁ የምትስቱት። አፍንጫዋ ወደ ታች ሲሆን ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል። መለኪያው ያለው ወደ ኋላ ነው። ጎደለ ብለህ ትጨምራለህ። ነገም ጎደለ ብለህ ትጨምራለህ። እሷ ደግሞ እስከ አንገቷ ሲሞላባት በትንፋሿ ታስወጣዋለች፣ ቱርቦው ይስበዋል፣ ይነድዳል፣ ያጨሳል። ዘይት በላች ትላለህ። አላበላሃትም እንዴ?»

ጋራዡ በር ላይ አንድ ሲሚንቶ ወለል ነበር። አያ ፈንታ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ ልኩን የያዙት ውኃ በሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። ውኃ ቢደፉበት ወዲህም ወዲያም አይፈስም፣ እዚያው ይቆማል። ሹፌሮች «ሚዛን» ይሉታል። መኪናዋን ሚዛን ላይ አቆምን። ዘይቱ ከሞተሩ እስኪወርድ ቆዩና መለኪያውን መዘዙ። ከላይኛው ምልክት በላይ ጣት ሙሉ አልፏል። ትርፉን በቲማቲም ድልህ ጣሳ እየለኩ ቀነሱት፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጣሳ።

«ሰዎቹ ሞተሩ ሞቷል ነው ያሉኝ፣» አልኳቸው።

«ማን? ይኼ ሞተር?» ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት። «ይኼ ሞተር እኔን ይቀብራል!»

ሲፎክሩ መሰለኝ። በደስታ ወደ አባቴ በረርኩና ነገርኩት። አባቴ የዚያን ቀን ወደ ዛፎቹ አልሄደም።

ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። አያ ፈንታ ሰውን በቀላሉ አይለቁም፤ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተሩ ሳይሞቅ ሚዛን ላይ እንድለካ አዘዙኝ። የጎደለውን በጣሳ እየሞላን በቆርቆሮ በሩ ላይ በጠመኔ ያሰምሩታል። ለእያንዳንዱ መኪና የራሱ ረድፍ አለው። ጭሱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጣሳ ሙሉ ጎደለ። በሌላውም ሁለት ሳምንት ያው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

«አያ፣ ይኸው ትጠጣለች እኮ!»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ሺህ አልፋለች።»

«የእኔስ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሰባን ተሻግሬያለሁ። ጠላ እጠጣለሁ ወይስ አልጠጣም?»

ሳቅኩ። እሑድ እሑድ ትንሽ እንደሚቀምሱ አገር ያውቃል።

«ስንት ብርጭቆ እንደምጠጣ ግን አውቃለሁ፤» አሉ፣ «ሚስቴም ታውቃለች። ያረጀ ቱርቦ ትንሽ ይጠጣል፤ መጠጣቱ አይደለም ነውሩ። ነውሩ ስንት እንደጠጣ አለማወቅ ነው። ጣሳዋ ጣሳ እስከሆነች ድረስ አትክፈታት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የጨመረች ቀን ግን ሮጠህ ና።»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ወጣት ነኝ፣ ኩራተኛ ነኝ፤ መኪናዬ በጓደኞቼ ፊት እንድታጨስብኝ አልፈልግም። ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ አንድ ጥሩ ለባሽ መካኒክ አገኘሁ። «ወፍራም ዘይት ሙላባት፣» አለኝ፣ «ጭሱ በዚያው ቀን ይጠፋል።» ሞላሁባት። ጠፋ! እልል ማለት ቀረኝ። ሦስት እሑድ አያ ፈንታ ጋ አልሄድኩም። ምን ብዬ እሄዳለሁ?

ኅዳር ላይ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭቶ ባደረ ጠዋት ስንነሳ ቱርቦዋ አቃሰተች። ቀጭን፣ ብረት በብረት ሲሄድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ወደ ሚዛን ነዳኋት።

አያ ፈንታ መለኪያውን መዘው ትንሿን ጣታቸውን ነከሩ። አላሸቱትም። ጣታቸውን አነሱና ዘይቱ ወደ ታች ሲጎተት ቆመው አዩት።

«ማር ነው የሞላኸው?»

«ያው የበፊቱ ዘይት ነው አያ።»

ዋሸሁ። በአማርኛ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። አያ ፈንታ አልጮሁም። መለኪያውን ጠርገው መለሱት፣ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉት፣ ወደ ውስጥ ገብተው በርጩማቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ውጭ ላይ በብርዱ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። መኪናዋ ሞታለች፣ የአባቴ ዛፍ ሄዳለች፣ እኚህን ሰውም አጣኋቸው ብዬ ቆርጫለሁ። መጨረሻ ላይ በሩ ድረስ ሄድኩና፦

«ዋሸሁዎት አያ፣» አልኩ። «ባሕር ዳር ወፍራም ዘይት ሞልቻለሁ። ይማሩኝ።»

ዞር ሳይሉ፣ «ና፣ ቁጭ በል፣» አሉኝ።

ያን ጊዜ የነገሩኝን ለሌላ ሰው ነግረውት እንደሆነ አላውቅም። በወጣትነታቸው የመንግሥት ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ ከአሰብ ማዳበሪያ ያመላልሳሉ። አዲስ አበባ ሳሉ እናታቸው መታመማቸውን ሰሙ። ጭነታቸው ወደ ጎጃም ነበርና ደስ አላቸው፤ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድሩ ተነሱ። የዓባይን በረሃ ወርደው ዳገቱን እንዳለ ነዳጅ ረግጠው ወጡት። ደጀን እንደደረሱ ሞተሩን ወዲያው አጥፍተው ውኃ ፍለጋ ሮጡ። ሲመለሱና ሲያስነሱት ቱርቦው ጮኸ፤ ከዚያ ዘይቱን በጭስ ማውጫው በኩል ይተፋው ጀመር።

«ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ እንደዚያ አድርጌዋለሁ፣» አሉኝ። «ዝም ብሎ ሲችለኝ ኖሮ በዚያች ቀን እምቢ አለኝ። የመንግሥት ጭነት ጥዬ አልሄድ፣ መለዋወጫ የለ። ሦስት ቀን ደጀን ተቀመጥኩ። እናቴ በሁለተኛው ቀን ተቀበረች። ቀብሯ ላይ ያልነበረ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ አባታችን ሆይ ነፍጌ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ።»

እኔም የቸኮልኩት ለምን እንደነበር አሰብኩ፤ ጓደኞቼ ጭስ እንዳያዩብኝ ነው። አፈርኩ።

ተነሡ። ጋቢያቸውን አጠባብቀው መኪናዋ ስር ገቡ። ያን ወፍራም ዘይት ጠብታ ሳያስቀሩ አፈሰሱት፣ ለሞተሯ የታዘዘውን ቀጭን ዘይት ሞሉ፣ ማጣሪያውን ቀየሩ። አስነሣኋት። በአገውኛ ረጅም ነገር ነገሯት። ማቃሰቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ በምትኩ ቀጭን ፉጨት ተረፋት። እስከ ዛሬ ድረስ ታፏጫለች።

«ይህቺን ፉጨት እንዳትጠላት፣» አሉኝ። «እሷ የአንተ ጠባሳ ናት።»

ከዚያ ወዲህ ዋሽቻቸው አላውቅም። አባቴም የቀረችውን ጥግ ሳይቆርጥ ይኸው አለ፤ ዛፎቹ ወፍረው ጥላቸው አጥሩን አልፏል። መኪናዬ ጣሳዋን እየጠጣች ትሠራለች። አሁንማ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ አልፋለች። አንድም ጊዜ ሞተሯ አልተከፈተም።

ባለፈው ክረምት አያ ፈንታ በሳንባ ተያዙ። ዕድሜ ልካቸውን ጭስ ሲያሸቱ ነው የኖሩት፣ ምን ይደረግ። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ናቸው፤ ባለቤታቸው እማማ የሺ ትራስ ደግፈውላቸዋል። ገና ሳልገባ ከአልጋቸው ሆነው መኪናዬን ሰምተዋል።

«ፉጨቷ ተለውጧል። የአየር ማጣሪያዋን እይ።»

«እሺ አያ።»

«ደገምክ?»

«ደግሜ ነው ያጠፋሁ።»

ትንሽ ተንፍሰው ፈገግ አሉ። «እኔም ዳገቱን ጨርሻለሁ። አሁን ሞተሬ በዝግታ እየዞረ ነው፣ ትንሽ ይብረድ። ማጥፋቱ የእሱ ነው።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ይኸውና ሰይድ በደወለልኝ ማግስት ጠዋት እማማ የሺ ቤት በር ላይ ቆመናል። የሚቀበሩት በትውልድ ቀበሌያቸው፣ በዘንገና በኩል ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ እናታቸው አጠገብ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው። አስከሬኑ በምን ይሂድ ተባለ። አንድ ዘመዳቸው አዲስ መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቷል። የእኔን አየት አደረገና፦

«ይቺ የምታጨሰው? ዳገቱ ላይ ብትቆምስ? ካህናቱ እየጠበቁ እኮ ነው!» አለ።

ደሜ ሊፈላ ሲል እማማ የሺ ቀደሙኝ። «በይበልጣል መኪና ነው ያሉ። ያለ እሷ አልሄድም ብለዋል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ብትቆምስ? እናቱን ለመቅበር ያልደረሰ ሰው እኔ መኪና ላይ ሆኖ እናቱ ዘንድ ሳይደርስ ቢቀርስ? ሰይድን ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል፤ ሚዛኑ ላይ ግን የሌሊቱ ዝናብ ወዲህም ወዲያም ሳይል ተኝቷል። መኪናዋን አቆምናት፣ ጠበቅን፣ መለኪያውን መዘዝኩ። ግማሽ ጣሳ ጎድሏል። ሞላሁ። ሰይድ ከበሩ ስር ጠመኔዋን ፈልጎ አመጣልኝና በረድፌ ላይ አሰመርኩ።

ተመልሰን የአስከሬኑን ሳጥን ከኋላ ጫንን። ፈረሰኞቹ ከፊት ሆኑ፤ በአገራችን ክቡር ሰው ሲሞት ፈረስ ይሸኘዋል። ፈረስ በቀብር ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እኔም በመጀመሪያ ማርሽ ተከተልኳቸው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነፋስ አያገኛት፣ ጭቃው ይይዛታል፣ ሸክም አለባት፣ ዳገት ነው። መሀሉ ላይ ጎማዋ ተንሸራቶ ሳጥኑ ሲነቃነቅ ሴቶቹ ጮኹ። ነዳጅ ጨመርኩ። ያቺ ጠባሳዬ፣ ያቺ ፉጨት ተነሣች፤ ከሙሾው በላይ ተሰማች። ከኋላዬ ሰማያዊ ጭሷን ትንሽ ለቀቀች። ያ የዘመዳቸው አዲስ መኪና ታች ጭቃው ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። በእግዚአብሔር ስም እላለሁ፣ ደስ አላለኝም። ትንሽ ብቻ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ደረስን። ካህናቱ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ጉድጓዱ ከእናታቸው መቃብር አጠገብ ተቆፍሯል። ሰዓቱ አላለፈም። ሰዎቹ ወደ ሳጥኑ ተንጋጉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ገና ሞተሩን አላጠፋሁም።

በመስኮቱ እጄን አውጥቼ፣ «ቆዩ፣» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። «ምን ትጠብቃለህ አንተ ልጅ? አጥፋና ይውረዱ እንጂ!»

ሰይድ ነው የመለሰላቸው። እጁን ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገና፣ «ዳገት የወጣች ናት አባቴ። ይብረዳት። እሳቸው ቢሆኑ አያጠፏትም ነበር፣» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ይቀራ ጀመር። ከኋላ የተከተሉን ሹፌሮች አንድ በአንድ እጃቸውን አወረዱ። ፈረሰኞቹም ኮርቻቸው ላይ እንዳሉ ቆሙ። የተቆጡት ሽማግሌም ገባቸው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አባታችን ሆይ…» አልኩ፣ ዝግ ብዬ። ሁሉም ተከተለኝ። ሞተሩ ከስር በቀስታ ይዞራል፤ ፉጨቷ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ይዘውልኝ ሄዱ። እመቤቴ ማርያም ሆይን አስከተልን። ማንም አልቸኮለም።

አሜን አልን። ቁልፉን አዞርኩና እናታቸው ዘንድ አወረድናቸው።